ሰማያዊ ለጠዋት፣ ቀይ ለማታ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ከመምህራኑ ሦስት ውጤት ተገልብጦ መጣ። ሰማንያ አንዱን አሥራ ስምንት ብለው ይጽፉታል፣ ልጁ ይወድቃል፣ ከዚያ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ የሚያለቅሰው እኔ ላይ ነው። በቀይ አስተካክዬ መለስኩላቸው። አለቃዬ "አንቺ ባትኖሪ ይሄ ኮሌጅ ስንቱን ጉደኛ ያስመርቅ ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ስይዝ አንድ ቁጥር አልሳትኩም።

ቤት ስገባ አባዬ ሾርባውን ሳይነካ ተቀምጧል። "ቁጭ በይ፣ እንነጋገር።" አባዬ እንነጋገር ሲል ደግ ነገር መጥቶ አያውቅም።

"እህትሽ ደወለችልኝ።"

"የቷ እህት?"

ያለችኝ አንድ ናት። ሁለታችንም እናውቃለን።

"ተይ ልጄ… ሴት ልጅ ወልዳለች። ሰባት ወሯ ነው። እኔም ሰባ ዘጠኝ ሞላኝ። በሃያ ሦስት፣ እሑድ፣ ይዛት ትምጣ ብያለሁ።"

ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ። ገና አልቀመሰውም ነበር። ይራበው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳመነዥክ ዋልኩ። ለራሴ እንኳ በቅደም ተከተል ላስፍረው።

ከሦስት ዓመት በፊት እማዬ ልቧን ታመመች። ክኒን ታዘዘላት፣ ያውም ብዙ ዓይነት። ዝርዝሩን በሁለት ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰማያዊ ለጠዋት፣ ቀይ ለማታ። ባለ ሰባት ክፍል የክኒን ሳጥን ገዛሁ። እሑድ እሑድ ክኒኑን ሁሉ ከየማሸጊያው አውጥቼ በየቀኑ እደለድላለሁ። የታናሼ ሥራ ምን ነበር? ክዳን መክፈትና ውሃ ማቀበል። ሥራ ፈታ ቤት ተቀምጣ ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ላምናት?

ከዚያ እማዬ ምግብ አስጠላት። ያስመልሳታል። መጋረጃው ቢጫ ሆነ፣ ግድግዳው ቢጫ ሆነ እያለች መነጫነጭ ጀመረች። ታናሼን "መጋረጃ ማጠብ እንኳ ያቅትሻል?" አልኳት። አጠበችው። እሱ በታጠበ ማግስት እማዬ ሆስፒታል ገባች። አራት ቀን ተኛች። በአምስተኛው የለችም።

ኮሪደር ላይ አንዱ ሐኪም "የልብ መድኃኒቱ በዝቶባታል" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። በዛባት! ሰጪዋ ማን ናት? እዚያው አባዬ ፊት ያዝኳት። "ስንት ጊዜ ሰጠሻት? ስልክሽ ላይ ተተክለሽ ደግመሽ ነው የሰጠሻት!" ቀና ብላ አየችኝ። ዝም። ንጹሕ ሰው ዝም ይላል?

አባዬ ከቤት አስወጣት። ሠርጓ ላይ ከእኛ ማንም አልሄደም፤ አባዬ ኮቱን አስተኩሶ ነበር፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር የልጅቷን ፎቶ በፖስታ ላከች። አባዬ ሳያውቅ ቀደድኩት። አራት ቦታ። ልጅቷ እማዬን ትመስላለች… ለዚህ ነው የቀደድኩት።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ላይ የሆስፒታሉንና የመድኃኒቱን ስም አንድ ላይ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩ። እንዲያው ለነገሩ ነው። አንድ ጥናት ወጣ። ቤታቸው ሆነው በልብ መድኃኒት ስለተመረዙ አሥራ አራት አረጋውያን። ያው ሆስፒታል። ያው ዓመት። የሚታየው ስምንት መስመር ማጠቃለያ ብቻ ነው። አንዷ መስመር ላይ "በአንዲት ታካሚ ላይ ስህተቱ የተፈጸመው በልጇ ነው" ይላል።

በልጇ!

ቀሪውን ልከፍት ስል የቁልፍ ሥዕል። ክፈሉ ይላል። ለአሥራ ሁለት ገጽ የጠየቁት ጥሩ ጫማ ይገዛል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሦስት ዓመት እኔ ያልኩትን ሐኪም ጽፎታል። ታትሟል። ያን ወረቀት ማግኘት አለብኝ። ለአባዬ ካነበብኩለት በሃያ ሦስት በሩን ራሱ ይዘጋባታል።

የካቲት 7፣ አርብ

የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጋ ሄድኩ። ቀስበሉ ነው የምንለው። ሕንጻው ቢቃጠል እንኳ "ቀስ በሉ" ብሎ ነው የሚያስወጣን።

ኮሌጁ ጥናቱ ለታተመበት መጽሔት አይከፍልም። "ደግሞ አትክፈዪ" አለኝ። "ጻፊለት።"

"ለማን?"

"ለጻፈው ሰው ነዋ! አንቺ ከምትከፍይው ለሱ ቤሳ አይደርሰውም። የራሱን ጽሑፍ ለጠየቀው ሰው መላክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀድለታል። እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ማን የሚያነብላቸው አለ ብለሽ ነው?"

"እንዲህ ቀላል ከሆነ መቆለፊያው ለምን ተደረገ?"

"ለማይጠይቅ ሰው" አለና ሻዩን ፉት አለ።

የካቲት 9፣ እሑድ

የአባዬን ሳጥን ሞላሁ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሆድ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

"ለእንግዶቹ ምን ይዘጋጅ?" ይለኛል። እንግዶቹ! "ወንበር አለ" አልኩት።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ጻፍኩ። ከጥናቱ ጸሐፊዎች ስም መጨረሻ ያለው ፕሮፌሰር ነው። ትልቁ እሱ ነው ብዬ ለእሱ ላክሁ። "የጥናቱን ሙሉ ቅጂ በአስቸኳይ እንዲልኩልኝ።" ማኅተም ቢኖረኝ እመታበት ነበር።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

መልስ መጣ! …ማሽን ነው። "በስብሰባ ምክንያት ከቢሮ ውጭ ነኝ።" እመለሳለሁ ያለበት ቀን ካለፈ ዓመት ሆኖታል።

አባዬ ኮቱን ከቁምሳጥን አውጥቶ ሰቅሎታል። ገና አሥራ አንድ ቀን እያለ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ቀስበሉ ያን ኢሜይሌን አይቶ ሳቀብኝ። "የመጨረሻው ስም ወንበሩን የያዘው ነው። ሥራውን የሠራው መጀመሪያ ላይ ያለው ነው። ይኸውልሽ፣ ከስሙ ጎን ትንሽ ፖስታ ተስሏል፤ በዚህ ጠይቁኝ ማለቱ ነው። ደግሞ እንደ ሰው ጻፊ! ፍርድ ቤት የምትጠሪው አስመሰልሽው። ማን እንደሆንሽ፣ ለምን እንደፈለግሽው፣ አመሰግናለሁ። በቃ።"

ማን እንደሆንኩ? የታካሚዋ ልጅ ነኝ ብዬ ብነግረው ክስ ይመስለውና ይደበቃል። ስለዚህ ዋሸሁ። በአረጋውያን እንክብካቤ የማስተርስ ተማሪ ነኝ አልኩ። በታላቅ አክብሮት… በትሕትና… "ጥናትዎ ለሥራዬ መሠረት ነው።" ጽፌ ስጨርስ ራሴን ታዘብኩት። ለእማዬ ስል ነው።

የካቲት 14፣ አርብ

ማለዳ ስገባ ደርሷል! ሰውየው የላከው እኔ በጻፍኩ በሁለት ሰዓቱ ነው።

"ጽሑፉ ከታተመ ወዲህ ሲጠይቁኝ እርስዎ ሦስተኛዋ ነዎት፤ አንደኛዋ እናቴ ናት። ሙሉውን አያይዣለሁ። ያልገባዎት ነገር ካለ ሳያመነቱ ይጻፉልኝ።" ምስኪን። የገዛ ጽሑፉን ለማኝ ሲመጣለት እንዲህ የሚደሰት።

አተምኩት። አሥራ ሁለት ገጽ፣ ገና ትኩስ ነው። ቢሮ ውስጥ ማንበብ አልፈለግሁም። ነገ ቁጭ ብዬ፣ ረጋ ብዬ፣ እያሰመርኩ…

እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። "ማስረጃ ይዣለሁ። ሐኪሞች የጻፉት ነው። እሷ ባለችበት አነብልሃለሁ፣ ከዚያ አንተው ፍረድ።" ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ማንበብ ትቷል። ማንኪያውን አስቀምጦ "እስከ ዛሬ ያደርኩት በአንቺ ቃል ነው" አለ። "ወረቀት ካለ ወረቀቱ ይፍረድ። ግን ስሚኝ፣ ወረቀቱ ካልተገኘ ይቅርታ የምትጠይቂያት አንቺ ነሽ።"

ይሁን አልኩት። ቅር ሳይለኝ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ገጽ ሰባት። ታካሚ ስምንት። ሴት፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ። እማዬ! ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

እንዳለ ልገልብጠው። ዓይኔ አላምን ብሏል፣ ምናልባት እጄ ያምን ይሆናል።

"የልብ መድኃኒቷ መጀመሪያ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ በአንድ ስም፣ በኋላ ከውጭ ፋርማሲ በሌላ ፋብሪካ ስም ተሰጥቷታል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። ታላቅ ልጇ የተለያዩ መስለዋት ለአምስት ሳምንት ሁለቱንም በሳምንታዊው ሳጥን ውስጥ ስትደለድል ቆይታለች። ክኒኖቹ ከማሸጊያቸው የወጡ በመሆናቸው በየቀኑ የምትሰጣት ታናሽ ልጅ ስማቸውን ማየት አልቻለችም። ከታካሚዋ ጋር የመጣው ዝርዝር በሁለት ቀለም፣ ሰማያዊ ለጠዋት ቀይ ለማታ፣ እጅግ ባማረ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ሲሆን፣ ሁለቱም ስሞች ተከታትለው ሰፍረውበታል።"

ተራ ቁጥር ሦስትና አራት። አስታውሰዋለሁ። ለአራተኛው ቦታ ጠቦኝ ስሙን አሳጥሬ ነው የጻፍኩት።

"ታላቅ ልጇ" የሚለው ላይ በቀይ ተሰምሯል። መቼ እንዳሰመርኩት አላውቅም።

የካቲት 16፣ እሑድ

ሳጥኑን አልሞላሁም። አሞኛል አልኩት።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል። ሐኪም አይሳሳትም? ስንቱን ዶክተር ነኝ ባይ ስህተት ሳርም የኖርኩ እኔ አይደለሁም? ጻፍኩለት። "ታካሚ ስምንትን በተመለከተ፣ ሰጪዋ ልጅ ደግማ ሰጥታ ይሆን እንደሆነ ተጣርቷል ወይ?"

ተጣርቶ አይሆንም። አይሆንም። ቸኩለው ነው የጻፉት።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

"በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው!" ይለኛል። ጡጦ ያልጣለ!

"አጣርተናል። በሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ክኒኖች ተቆጥረዋል፤ ሰጪዋ አንድም ቀን አላዛነፈችም። እንዲያውም ነገሩን ያወቀችው እሷ ናት። እናቷ ሁሉም ነገር ቢጫ ሆኖ ይታየኛል ስትላት መጋረጃውን አጠበችው። ታጥቦም ቢጫ ነው ስትላት ደንግጣ ይዛት መጣች። ሁሉን ቢጫ አድርጎ ማየት የዚህ መድኃኒት መብዛት ምልክት ነው። ባዶ ማሸጊያዎቹን ከቆሻሻ ቅርጫት ለቅማ ይዛ 'እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው እንዴ?' ብላ ጠየቀችኝ። ጥናቱን የጀመርኩት ከእሷ ጥያቄ ነው።

"ጽሑፉ ውስጥ ያላስገባሁትን ልንገርዎ። ታላቅየዋን ጠርቼ ላስረዳት ስል ለመነችኝ። 'እህቴ ተሳስታ አታውቅም። ይሄን ከሰማች በቁሟ ትሞታለች። በኔ ይሁን፣ እኔ እችለዋለሁ' አለችኝ። እስከ ዛሬ ትዝ ትለኛለች። ያ ቤተሰብ ደህና ይሆን?"

ያ ቤተሰብ…

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ማን ለመናት? ማን አደራ አላት? ሦስት ዓመት! ስሰድባት፣ ሻንጣዋን ደረጃው ላይ ሳስቀምጥባት፣ ሠርጓ ላይ ያለ ወገን ስትቆም… ሆድ ይፍጀው ብላ። እያዘነችልኝ! ክዳን ክፈቺ ብዬ ያስቀመጥኳት ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ በሽተኛ ስታስታምመኝ ኖረች። እኔ ደግሞ ሳላውቅ ታመምኩላት።

አልቅሻለሁ ዛሬ። የመዝገብ ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ቆሜ። ጸጸት ቢሆን ደግ ነበር። ንዴት ነው።

እማዬን እኔ ነኝ…

አልጽፈውም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

አንዱ ተማሪ መስኮቱ ላይ አለቀሰ። ዘጋሁበት።

የካቲት 21፣ አርብ

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባይመጣብኝ ይሻል ነበር። አንድ እሑድ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ስደለድል ታየኛለች። ሁለት ክኒን በጣቷ ገፋ አድርጋ "እነዚህ መንታ አይመስሉም?" አለች። ስፌት የሠራ ዓይን ነው፣ ክር ከክር የሚለይ።

"አንቺ ዝም ብለሽ ዋጪ" አልኳት።

ዝም ብላ ዋጠች።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ወሰንኩ። ወረቀቱ አልተገኘም እላለሁ። ማስረጃ ያልኩት ማጠቃለያውን ብቻ አይቼ ነው፣ ሙሉው ተቆልፏል፣ ጸሐፊው አልመለሰም። ይቅርታ በያት ካለኝ እላታለሁ። አንዲት ቃል ናት፣ ምላስ አጥንት የለውም። ትምጣ፣ ትቀመጥ፣ ትመላለስ። አባዬ የልጅ ልጁን ይያት።

እውነቱን ግን አልናገርም። እሱን አልችልም።

ወረቀቱን ልቀድደው ሁለት ጊዜ አነሳሁት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለምን?

የካቲት 23፣ እሑድ

በስምንት ሰዓት መጡ። ከስታለች። ልጅቷን አባዬ ጭን ላይ አስቀመጠችለት። አባዬ ፊቷን በጣቱ ዳበሰው፣ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን። "ቁርጥ እናታችሁን!" አለ። ልጅቷ ጢሙን ይዛ ጎተተችው። ሳቀ። ይህን ሳቅ ከሰማሁት ሦስት ዓመቴ ነው። ለእኔ እንዲህ ስቆልኝ አያውቅም።

"እትዬ፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ ታናሼ። ቀስ ብላ። በሽተኛ እንደሚጠየቀው።

"ወረቀቱስ?" አለ አባዬ።

አልተገኘም ልል አፌን ከፍቻለሁ። እሱ ቀደመኝ። "ከሌለ ተንበርከኪና እህትሽን ይቅርታ በያት። እዚሁ፣ እኔ ፊት።"

"ኧረ ግዴለም አባዬ!" አለች ታናሼ። "ይቅር፣ አያስፈልግም። እትዬን ተዋት።"

ተዋት። ያን ጊዜ ዓይኗ ላይ አየሁት። እያዘነችልኝ ነበር።

ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ገጽ ሰባትን አወጣሁ። የእማዬን ዕድሜ፣ የእማዬን ሙያ እንዳለ አነበብኩ። ከዚያ "በየቀኑ የምትሰጣት ታናሽ ልጅ ባለማስተዋል መጠኑን ደግማ በመስጠቷ" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሃያ ሁለት ዓመት ማን አለፈ ማን ወደቀ እያልኩ ስም ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

"እውነት ነው?" አለ አባዬ። እሷን ነው የጠየቃት።

ወረቀቱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው፣ እንደዚያን ቀን ኮሪደር ላይ። እኔ ደግሞ በሆዴ… አይ በይ፣ አንቺ ልጅ፣ አይ በይ! ተነሺና ንጠቂኝ! ማንበብ ትችያለሽ እኮ!

"አዎ አባዬ" አለች። "ወረቀቱ እንዳለው ነው።"

አባዬ ልጅቷን ከጭኑ አንስቶ መለሰላት። ጢሙን አለቅም ብላ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እስከ በሩ የሸኘኋት እኔ ነኝ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ። ደረጃው ላይ ዞር አለች። የምትሰድበኝ መሰለኝ፤ ብትሰድበኝ ምናለ?

"እትዬ፣ የአባዬን ሳጥን ስትሞዪ ስሞቹን እያነበብሽ ሙዪ" አለችኝ።

ልጅቷ በትከሻዋ በኩል እያየችኝ ወረዱ። በእማዬ ዓይን።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ዶክተሩ ጽፏል። "የመመረቂያ ጥናትዎ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ይላኩልኝ። ያለ ክፍያ!" ቀልዱ መሆኑ ነው።

ቀስበሉ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። "አገኘሽው አይደል? አላልኩሽም? የጠየቀ አያጣም።"

ዛሬ ዘጠና ስድስቱን ስልሳ ዘጠኝ ብዬ መዘገብኩ። አለቃዬ አይቶ "ደክሞሽ ነው" አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት።

የካቲት 30፣ እሑድ

ሳጥኑን ልሞላ ከቁርስ በኋላ ተቀመጥኩ። አሁን አሥር ሰዓት ነው፣ ሳጥኑ ባዶ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልሞላሁትም፣ በየጠዋቱ ከማሸጊያው እየፈለቀቅሁ ነው የምሰጠው።

ትናንት ከፋርማሲ የመጣው የደም ግፊት ክኒን ስሙ ሌላ ነው። አሮጌው ገና ግማሽ አለ። በአሮጌው ፋንታ ነው ወይስ ተጨማሪ? ዝርዝሬን አየሁ። ጽሕፈቴ ያምራል። አላመንኩትም። ፋርማሲ ደወልኩ። "በፋንታው ነው" አለችኝ ልጅቷ። ዘጋሁና መልሼ ደወልኩ። በአራተኛው "እመቤት፣ ነገርኩዎት እኮ!" አለች። አምስተኛውን አላነሳችም።

ባዶ ማሸጊያ ከቅርጫት ለቅሞ "አንድ ናቸው እንዴ?" የሚል አንድ ሰው ነበር በዚህ ቤት። ሁለት ጊዜ አባረርኩት።

አባዬ እየዳበሰ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። መዳፉን ዘረጋ። የዛሬዎቹን ክኒኖች ፈልቅቄ መዳፌ ላይ ይዣቸዋለሁ፣ ገና አልሰጠሁትም። ኮቱ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ስሟን ከዚያን ቀን ወዲህ አላነሳም።

"ቆይ አባዬ፣ አንድ ጊዜ ላረጋግጥ።"

"ምኑን?"

"ልክ መሆኑን።"

ሳቀ። ያንኑ ሳቅ፣ ለእኔ። "አንቺ ደግሞ! መቼ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?" አለና ክኒኖቹን ከመዳፌ አፍሶ በአንዴ ዋጣቸው። ውሃ እንኳ አልጠበቀም።

ሦስት ነበሩ… ወይስ አራት?